እግረኛ የተባለው በእግሩ ስለሚሄድ ነው

ሰሞኑን የቀድሞ ተማሪዎቼ በውስጥ መስመር አንድ ዓይነት ጥያቄ እየላካችሁልኝ ነው። «ቲቸር፣ አርማና ፐብጂ እንጫወታለን፤ ስለ እግረኛ ጦር ስልት የሚያስተምር መጽሐፍ ጠቁመን» የሚል። ጥያቄው ደስ ብሎኛል። ጌም የሚጫወት ልጅ መጽሐፍ ከጠየቀ መምህር ሌላ ምን ይፈልጋል? መልሴ ግን ለአንዳንዶቻችሁ ላይጥም ይችላል።

መጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ጌም ልጆቹን ጨካኝ ያደርጋል፣ ይከልከል የሚሉ ወላጆችና የሥራ ባልደረቦች አሉ። እኔ ከእነሱ ጋር አይደለሁም። ሰንጠረዥም የጦርነት ጨዋታ ነው፤ መኳንንቶቻችን ሲጫወቱት ኖረዋል። የኔ ጠብ ከጨዋታው ጋር ሳይሆን «ለጌመር የሚሆኑ መጻሕፍት» እየተባለ በየቻናሉ ከሚዞረው ዝርዝር ጋር ነው።

ዝርዝሩን ታውቁታላችሁ። ሱን ዙ አለ። ሮሜል ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ልምዱ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1937 ያሳተመው የእግረኛ ማጥቃት መጽሐፍ አለ። የአሜሪካ ጦር ስለ መቶና ስለ ቡድን ውጊያ ያዘጋጀው ማንዋል አለ። መጽሐፎቹ መጥፎ ናቸው አላልኩም። ችግሩ ከእነሱ ብቻ የሚጀምር አንባቢ ቀስቱን አንብቦ ሰውየውን ይዘላል። ቀይ ቀስት በዚህ ይገባል፣ ሰማያዊ ቀስት በዚያ ይከባል፤ በቃ፣ ጦርነት ማለት ይሄ ይመስለዋል።

ከዚያስ? ከዚያማ ፌስቡክ ላይ ጄኔራል ይሆናል። «በዚህ በኩል ቢቆርጡት ኖሮ አልቆ ነበር» እያለ ይጽፋል። ያልቃል የሚለው የሰው ልጅ ነው እኮ! እኛ ባሕር ዳር ያለን ሰዎች የተኩስ ድምፅ ለመስማት የጆሮ ማዳመጫ አያስፈልገንም። እንዲህ ባለ አገር ጦርነትን በስልክ ብቻ የተማረ ሰው በራሱም በሌላውም ሕይወት ይቀልዳል። ለዚህ ነው ጉዳዩን የጌም ጉዳይ ብቻ አድርጌ ማለፍ ያልቻልኩት።

እስቲ ጌሙ ምን እንደሚያስቀርባችሁ አስቡ። ፐብጂ መቶ ሰው ከአውሮፕላን ያወርድና በግማሽ ሰዓት ገደማ ይጨርሳል። የቆሰለ ሰው ፋሻ ጠቅልሎ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ይሮጣል። አርማ 3 ይሻላል፤ ሸክም ሲበዛ ያደክማል፣ ረጅም መንገድ ያስኬዳል። እሱም ቢሆን ተረከዝ አይልጥም። እግረኛ ጦር ግን ስሙ ራሱ እንደሚናገረው መጀመሪያ እግር ነው። ቀጥሎ ሆድ ነው። ቀጥሎ ጎኑ ያለው ጓደኛው ነው። ጠመንጃው ከዚህ ሁሉ በኋላ ይመጣል።

አድዋን እንውሰድ። በየዓመቱ የካቲት 23 እናከብረዋለን፤ እንደ እግረኛ ጦር ጥያቄ አድርጎ ያነበበው ግን ጥቂት ነው። ባራቲዬሪ ከ17 ሺህ የሚበልጥ ጦሩን በአራት ብርጌድ ከፍሎ የካቲት 22 ቀን 1888 ማታ በተራራ መንገድ አስነሣ። በእጁ የነበረው ንድፍ ካርታ የኪዳነ ምሕረትን ስም ሌላ ኮረብታ ላይ ጽፎት ነበር። አልበርቶኔ ወደ እውነተኛው ኪዳነ ምሕረት ነጎደ፤ ሲነጋ ከሌሎቹ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ብቻውን ተገኘ። ሊደግፈው የተላከው ዳቦርሚዳ ደግሞ ወደ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ዞረ። ከአራቱ የብርጌድ አዛዦች አሪሞንዲና ዳቦርሚዳ ሞቱ፣ አልበርቶኔ ተማረከ። የአባቶቻችን ጀግንነት እንዳለ ሆኖ፣ ያ ጦር የተሰበረው ብርጌዶቹ መደጋገፍ ስላልቻሉና ተራ በተራ ስለተመቱ ጭምር ነው። አራት ሆናችሁ ገብታችሁ አራት ቦታ ስትበተኑ የሚደርስባችሁም ይኸው ነው።

ከዚያ አንድ ወር ገደማ ቀደም ብሎ መቐለ ላይ የሆነውንም አንብቡ። የማጆር ጋሊያኖን የእንዳ ኢየሱስ ምሽግ በቀጥታ ጥቃት መያዝ አልተቻለም ነበር። ምሽጉን ያስለቀቀው የውኃው ምንጭ በእኛ ሰዎች እጅ መግባቱ ነው፤ ምክሩም የእቴጌ ጣይቱ እንደነበር ይነገራል። ውኃ የሚባል ነገር በስንቱ ጌም ላይ አለ? ሃያ ሊትር ጀሪካን ሃያ ኪሎ ነው። አንድ ቀን ተሸክማችሁ ወደ ቤዛዊት ዳገቱን ውጡና የወታደር ሸክም ምን እንደሆነ ከዚያ እናወራለን። እናቶቻችን ይህን ያለ ማንዋል ያውቁታል።

አሁን ወደ መጻሕፍቱ።

አንደኛ፣ የክቡር ዶክተር ሀዲስ ዓለማየሁ «ትዝታ»። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ብቻ የምታውቁ ሰዎች፣ ደራሲው ከራስ እምሩ ጦር ጋር በሽሬ ግንባር ዘምተው በኋላም ተማርከው ጣሊያን አገር እንደታሰሩ አስታውሱ። የዚያ ጦር ብዙው ክፍል የጎጃም ሰው ነው፤ ከዚሁ ከእኛ አገር በእግሩ ተነሥቶ ተከዜን የተሻገረ። በታኅሣሥ 1928 ደምበጉና ላይ ከጣሊያን ትንንሽ ታንኮች ጋር ገጠመ። እነዚያ ታንኮች የሚዞር ማማ አልነበራቸውም፤ መትረየሳቸው ወደ ፊት እንጂ ወደ ጎንና ወደ ኋላ አይደርስም። መሬቱ ሲጠብባቸው እግረኛው ተጠግቶ ከጎንና ከኋላ ደረሰባቸው። ታንክ ያለ እግረኛ ድጋፍ ጠባብ ቦታ አይግባ የሚለውን ትምህርት ከዚህ የተሻለ የት ታገኙታላችሁ? ግን እዚያ ላይ ቆማችሁ አታጨብጭቡ። በዚያው ታኅሣሥ ተከዜ ዳር ጣሊያን የመርዝ ጋዝ ከአውሮፕላን አወረደበት። ለእሱ ስልት አልነበረውም። የራስ እምሩን የራሳቸውን «ካየሁት ከማስታውሰው»ም ጎን ለጎን አድርጉት፤ አዛዡ ያየውና ተከታዩ ያየው እንዴት እንደሚለያይ ትማራላችሁ።

ሁለተኛ፣ «የሀበሻ ጀብዱ»። የቼኩ አዶልፍ ፓርለሳክ ጽፎት ተጫነ ጆብሬ መኮንን የተረጎመው ነው። ፓርለሳክ ከራስ ካሣ ጦር ጋር ወደ ሰሜን ዘምቷል። መጽሐፉን ሁሉም ለጀብዱው ያነበዋል። እናንተ ለጉዞው አንብቡት። ያ ሁሉ ሰው ምን በልቶ፣ የት አድሮ፣ በአውሮፕላን ሥር እንዴት ተጉዞ ግንባር እንደደረሰ እያሰመራችሁ ሂዱ።

ሦስተኛ፣ የማርሻል «ፖርክ ቾፕ ሂል»። አሜሪካዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1956 የታተመ፣ ስለ ኮሪያ ጦርነት። የሚገርመው፣ ባሕር ማዶ የምትፈልጉት መጽሐፍ ውስጥ የምታገኙት የእኛኑ የቃኘው ሻለቃን ልጆችና የሌሊት ቅኝታቸውን ነው። ከቃኘው 121 ሰው ሞቷል፤ በጠላት እጅ የወደቀ ምርኮኛ ግን አንድም የለም። ጓደኛችሁ ሲወድቅ ዕቃውን ለመበርበር የምትሮጡት ልጆች ይህችን ቁጥር ስልካችሁ ላይ ለጥፏት። የማርሻል ዘዴም ይጠቅማችኋል። ከውጊያ የተረፉትን ሰብስቦ፣ የት ነበርክ? ምን አየህ? ምን አደረግህ? እያለ ይጠይቅ ነበር። ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ አምስት ደቂቃ እንዲህ ብትጠያየቁ ከሰላሳ የዩቲዩብ ቪዲዮ ይበልጣል። ማርሻልን ግን በጭፍን አትመኑት፤ ከሩብ የማይበልጠው እግረኛ ብቻ ነው የሚተኩሰው ብሎ በሌላ መጽሐፉ ያቀረበው ቁጥር በታሪክ ባለሙያዎች ክፉኛ ተተችቷል።

አራተኛ፣ እንግሊዝኛ ለሚከብዳችሁ አጭሯ የስዊንተን «ዳፈርስ ድሪፍት» አለች። እ.ኤ.አ. በ1904 የታተመች ስለሆነች ኢንተርኔት ላይ በነጻ ትገኛለች። አንድ ጀማሪ መቶ አለቃ ሃምሳ ሰው ይዞ የወንዝ መሻገሪያ እንዲጠብቅ ይታዘዛል። ያንኑ ቦታ በስድስት ሕልም ስድስት ጊዜ ይከላከላል፤ በተሸነፈ ቁጥር አንድ ሁለት ትምህርት ይዞ ይነቃል። እንደ እናንተ ተሸንፎ እንደገና ይጀምራል ማለት ነው። ልዩነቱ እሱ ለምን እንደተሸነፈ ይጽፋል፤ እናንተ ሰርቨሩን ትሳደባላችሁ።

ከዚህ በኋላ ማንዋሉንም ሮሜልንም ክፈቱ። ያኔ እያንዳንዱ ቀስት ውስጥ የተራበ፣ የደከመው፣ እናት ያለችው ሰው እንዳለ እያወቃችሁ ታነባላችሁ።

«ቲቸር፣ እነዚህ እኮ የታሪክ መጻሕፍት ናቸው፤ እኛ የጠየቅነው ታክቲክ ነው» የሚል እንደሚመጣ አውቃለሁ። ወንድሜ፣ ማንዋል የሚነግርህ መደረግ ያለበትን ነው። ለሦስት ቀን ያልበላ ሰው በጨለማ በማያውቀው አገር ያንን ለማድረግ ሲሞክር ምን እንደሚሆን የሚነግርህ እዚያ የነበረ ሰው ነው። ሁለተኛው ከሌለህ የመጀመሪያው አይገባህም።

«ጌም እኮ ጌም ነው፣ ምን ያካብዳል?» ለሚለኝም መልስ አለኝ። እሺ፣ ጌም ይሁን። እንግዲያው ከጌም ስትወጣ ስለ እውነተኛ ጦርነት ተንታኝ አትሁን። አንዱን ምረጥ።

እነዚህን ያነበበ ልጅ ጨዋታው ይሻሻላል፤ ይህን ደፍሬ እናገራለሁ። ካርታ ማየት ይጀምራል፣ ከጓደኛው አይርቅም፣ ሳያስፈልግ አይተኩስም። ከሁሉ በላይ ግን ስለ ጦርነት ሲያወራ ድምፁ ዝቅ ይላል። በዚህ ሰዓት አገራችን የሚያስፈልጋት እንዲህ ያለ ሰው ነው።

የመጽሐፍ ዋጋ እንደተወደደ አውቃለሁ። ያላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉና ለሌላቸው አውሱ። የተዋሳችሁ ደግሞ መልሱ እባካችሁ!