አበባው የረገፈው በዓይን አይደለም

ከሥራና ከልጆች አስተዳደግ በተረፋችሁ ጊዜ በጓሮአችሁ አትክልት የምታለሙ እናቶች ብዙ ናችሁ። ሁለት መደብ ጎመንና ጥቂት የቲማቲም እግር የወሩን የአስቤዛ ወጪ ምን ያህል እንደሚያቃልሉ ከእናንተ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ የደከሙበት ተክል ፍሬ ሳይሰጥ ሲቀር ያበሳጫል። ለዛሬ የምናነሣው ተክል ሙቀትንና ብርድን እንዴት እንደሚለይ ነው።

እስቲ ሁለት እኅትማማቾችን በምሳሌነት እንውሰድ። ታላቂቱ ነቀምት ከተማ ተቀጥራ ትሠራለች፤ ታናሺቱ በደዴሳ ሸለቆ ትዳር ይዛ ትኖራለች። አንድ እሽግ የቲማቲም ዘር ገዝተው ተካፈሉ። ሁለቱም ችግኝ አፍልተው ተከሉ፤ አበበላቸውም። ነገር ግን የታላቂቱ ያበበው ሌሊቱ በሚበርድበት ወር፣ የታናሺቱ ደግሞ በመጋቢት ሐሩር ነበርና የሁለቱም አበባ ፍሬ ሳይቋጥር ረገፈ። ታላቂቱ ከዋዜማው «እንዴት ያምራል!» ያለቻትን ጎረቤቷን ጠረጠረች፤ «ዓይን በላብኝ» ብላ ቡና መጠራራቱን አቆመች። ታናሺቱ ዘሩን የሸጠላቸውን ነጋዴ ረገመች። ጎረቤቲቱም ሆነች ነጋዴው ጥፋት አልነበረባቸውም።

ቲማቲም ፍሬ የሚቋጥረው የአበባው ብናኝ ጤናማ ሲሆን ነው። ሌሊቱ ከ13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በታች ሲወርድ ብናኙ በደንብ አይዳብርም፤ ቀኑ ከ32 ዲግሪ ገደማ በላይ ሲግልም ይበላሻል። ያን ጊዜ ተክሉ አበባውን ይጥላል። ነቀምት ወደ 2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ወይና ደጋ ናት፤ የደዴሳ ሸለቆ ወለል ከ1,500 ሜትር በታች የሆነ ቆላ ነው፤ ሻምቡ ደግሞ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። መቶ ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስለሚቀንስ፣ በወለጋ ያሉ ጎረቤት ከተሞች ለተክል እንደ ልዩ ልዩ አገር ናቸው።

ታዲያ ተክል ሙቀትን በምን ያውቃል? በ2016 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅና በአርጀንቲና በቦነስ አይረስ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ከጎመን ዘመድ በሆነች ትንሽ አረም ላይ ባደረጉት ጥናት አንዱን መንገድ አሳይተዋል። በቅጠል ውስጥ ፋይቶክሮም የሚባል ፕሮቲን አለ። ቀን ብርሃን ሲያገኝ ይነቃል፤ ግንዱም ከልክ በላይ እንዳይረዝም ይገታል። ማታ ቀስ በቀስ ይተኛል። ሌሊቱ ሲሞቅ ቶሎ ይተኛል፤ ሲበርድ ግን ነቅቶ ይቆያል። በምድጃ አጠገብ፣ ብርሃን በሌለበት ያደገ ችግኝ ቀጭንና ረዥም ሆኖ የሚወድቀው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላም ነገር አለ። የሐበሻ ጎመን በጓሮአችን አብቦ ዘር ሲሰጠን፣ ጥቅል ጎመን ግን ዘሩን በየጊዜው የሚያስገዛን ለምን ይመስላችኋል? ጥቅል ጎመን ለማበብ ከ10 ዲግሪ ገደማ በታች የሆነ ብርድ ለብዙ ሳምንታት ማግኘት አለበት። ብርዱን እንደሚቆጥር ሰው ነው፤ ቁጥሩ ካልሞላለት አያብብም። ድንችም እንዲሁ አፈሩ ሲግልበት ቅጠሉን እያበዛ ሥሩን ማፋፋት ይተዋል።

ይህን እናቶቻችን በልምድ ያውቁት ነበር። በጊምቢ አካባቢ ቡና በዋንዛና በሌሎች ዛፎች ጥላ ሥር የሚለማው ቡና መጠነኛ ሙቀት ስለሚስማማው ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አንደኛ፣ ዘር ከመግዛታችሁ በፊት ለከተማችሁ አየር የሚስማማ መሆኑን ጠይቁ፤ የአበባው ጊዜ በብርዱ ወይም በሐሩሩ ወር ላይ እንዳይውል ቀኑን ቆጥራችሁ ዝሩ። ሁለተኛ፣ በነቀምትና በሻምቡ ቲማቲምን የከሰዓት ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ሥር ትከሉ፤ ግድግዳው ቀን የያዘውን ሙቀት ማታ ይመልሳል። ሦስተኛ፣ በቆላ ያላችሁ አፈሩን በደረቅ ሣር ጎዝጉዙ፤ በቀትር የሣር ዳስ ጥላ አድርጉለት። አራተኛ፣ ችግኝ በቤት ያሳደገች እናት ከመትከሏ በፊት ለአንድ ሳምንት ያህል በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ሰዓት እየጨመረች ደጅ ታውጣው፤ ብርዱንና ፀሐዩን ይለምደዋል።

ለነቀምቷ እኅት ግን አንድ ሥራ ይቀራታል። የሚቀጥለውን ዘር ከመዝራቷ በፊት ጀበናዋን ጥዳ ያችን ጎረቤቷን ቡና ትጥራ። የረገፈ አበባ በሌላ ወቅት ይተካል፤ ያለጥፋቷ የተቀየሙባት ጎረቤት ግን ሳይጠሯት አትመለስም።