ዙሙ ቢያጥር እግራችን ይርዘም



ሰሞኑን ከዒሻ ሶላት በኋላ ጫማ ስናጠልቅ የማይቀር አንድ ወሬ አለ፤ የካሜራው ጉዳይ። ያለፈው ዓመት ተመራቂ ወንድሞችና እህቶች «ለመጽሔታችሁ ካሜራ ግዙበት» ብለው ያዋጡት ገንዘብ እስካሁን አልተነካም። በአንድ ነገር ሁላችንም ተስማምተናል፤ ሌንሱ እየተፈታ የሚቀያየር ካሜራ አንገዛም። የካሜራው አካል አንድ ዋጋ፣ እያንዳንዱ ሌንስ ደግሞ ሌላ ዋጋ አለው፤ ከእጅ ወደ እጅ ለሚዞር የጋራ ንብረትም አይመችም። ስለዚህ ብሪጅ የሚባለው ዓይነት ይሁን ተብሏል። ይህ ሌንሱ ከአካሉ ጋር የተያያዘ፣ በአንዱ ሌንስ ቅርቡንም ሩቁንም የሚያነሳ ካሜራ ነው።

እስከዚህ አብረን ነን። የምንለያየው «ከተገዛ አይቀር ዙሙ የረዘመው ይሁን» በሚለው ሐሳብ ላይ ነው። ብዙዎቻችሁ የምትፈልጉት እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣውን ኒኮን ኩልፒክስ ፒ900 እንደሆነ እናውቃለን፤ 83 እጥፍ የሚያቀርበውን። እኛ ግን አይገዛ እንላለን። እኛ ማለት ከሮቢት፣ ከቆቦና ከአካባቢው የመጣን የጀመዓው ተማሪዎች ነን። እንዲህ ለማለት ያበቃን ይህንኑ ካሜራ ባለፈው ዕረፍት ተውሰን አገራችን ወስደነው ስለነበር ነው።

በሮቢት ገበያ ቀን ሦስት ሆነን ከገበያው ዳር ካለ ከፍታ ላይ ቆምን። ሌንሱን እስከ መጨረሻው ስናወጣው ገበያው እጃችን ውስጥ የገባ መሰለን። የግመሉ ሽፋሽፍት፣ በማሽላ ጆንያ ላይ ያረፈችው ዝንብ፣ የነጋዴው ጣት፣ ሁሉም ታየ። ሽንኩርት የምትሸጥ አንዲት እናት ከጎረቤቷ ጋር እየተጫወተች ከት ብላ ስትስቅ፣ ሻሿም ወደ ኋላ ሸርተት እንዳለ አነሳናት። ያምር ነበር። ማታውኑ በጀመዓችን ቴሌግራም ላይ «የራያ ፈገግታ» ብለን ለጠፍነው።

በሁለተኛው ቀን ከእኛው ጋር በአንድ ሰፍ የሚሰግድ አንድ ወንድም በስልክ መልእክት ላከልን። «እናቴ ናት። ፎቶው ያምራል። ግን ጠይቃችኋት ነበር?» ከዚህ ሌላ አልጨመረም። ምስሉን አነሳነው፤ ግን ስንቱ ወደ ስልኩ እንዳወረደው፣ ለስንቱስ እንዳሳለፈው ማን ያውቃል? ከሁለት መቶ ሜትር ርቀት ላይ ሆነን በሰው ገመና ውስጥ ገብተን ነበር። ሰው ፊት ቆመን ፈጽሞ የማናደርገውን ነገር ርቀቱ ቀላል አደረገልን።

በሚቀጥለው ገበያ ከልጇ ጋር ሄደን ይቅርታ ጠየቅናት። «አብሽሩ ልጆቼ» አለችን፤ «ብትነግሩኝ ኖሮ እኮ ሻሼን አስተካክል ነበር።» ከሽንኩርቷ አጠገብ አስቀመጠችን። ቡና መጣ። ሥራዋ ላይ ተመልሳ እኛን እስክትረሳን ድረስ ቆየንና፣ ከሁለት ሜትር ላይ፣ ዙሙን ምንም ሳንነካ አነሳናት። በዚህኛው ፎቶ ላይ ሚዛኗ፣ የምትከራከራት ገዢ፣ ከኋላ ያሉት ጎረቤቶቿም አሉ። በዚህ እትም ውስጥ የምታዩት ፎቶ እሱ ነው፤ እንዲወጣም ፈቅዳለች።

የዚያኑ ዕለት ደግሞ ሌላ ነገር ገጠመን። ከፍታው ላይ ሳለን አንድ አዛውንት መጥተው «ልጆች፣ ምንድን ነው ያነጣጠራችሁት?» አሉን። እውነታቸውን ነው። አካባቢያችን በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ያለፈበት ነው። ከጥግ ሆኖ ጥቁር ቱቦ ወደ ሰው የሚያዞር ወጣት ሲያዩ ሰዎች ቢደነግጡ አይፈረድባቸውም። ካሜራውን አሳየናቸው፤ በመስታወቱም አሳየናቸው፤ ስቀው ሄዱ። ሁሌ ግን በሳቅ ያልቃል ማለት አይቻልም።

እንግዲህ ይህ የአያያዝ ችግር ነው እንጂ የካሜራው ጥፋት አይደለም የሚል ይኖራል። ልክ ነው። ስለዚህ ስለ ካሜራው ራሱ እንነጋገር።

መጀመሪያ ነገር «እጥፍ» የሚባለው ቁጥር የጥራት መለኪያ አይደለም። የሌንሱ ረጅሙ ጫፍ ለአጭሩ ጫፍ ሲካፈል የሚገኝ ቁጥር ነው። ፒ900 በተለመደው የፊልም ካሜራ ልክ ሲሰላ ከ24 እስከ 2000 ሚሊሜትር ይሄዳል፤ 2000 ለ24 ሲካፈል 83 ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ታላቅ ወንድሙ ፒ1000 እስከ 3000 ሚሊሜትር ደርሶ 125 እጥፍ ይባላል፤ ክብደቱም ወደ 1.4 ኪሎ ነው። እንዲህ ያለ ርዝመት በእጅ በሚያዝ ካሜራ ውስጥ የሚገባው ሴንሰሩ በጣም ትንሽ ስለሆነ ነው። የሁለቱም ሴንሰር ስፋት በግምት 6.2 በ4.6 ሚሊሜትር ነው፤ ከትንሿ ጣታችን ጥፍር ያንሳል። ምስሉ የሚጻፈው እዚያች ላይ ነው።

ከዚህ በተቃራኒ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ፓናሶኒክ ኤፍዜድ1000 ከ25 እስከ 400 ሚሊሜትር ብቻ ይሄዳል፤ 16 እጥፍ መሆኑ ነው። ሴንሰሩ ግን 13.2 በ8.8 ሚሊሜትር ነው፤ በስፋት የሌላው አራት እጥፍ። የእኛ ድምፅ ለዚህ ዓይነቱ ነው። ሶኒ አርኤክስ10 ማርክ 4 በተመሳሳይ ሴንሰር እስከ 600 ሚሊሜትር ይደርሳል፤ ግን በ2017 ሲወጣ ዋጋው 1,700 ዶላር ገደማ ስለነበር የእኛ አቅም አይደለም። ኤፍዜድ1000ን ያገለገለ መግዛት ይቻላል።

ለምን ይህን መረጥን? የመጽሔታችንን ያለፉ እትሞች አገላብጡ። የማታ ደርስ፣ የረመዳን ኢፍጣር፣ አዳራሽ ውስጥ የሚደረግ የምርቃት ፕሮግራም፤ አብዛኛው ሥራችን ደብዛዛ መብራት ውስጥ ነው። እዚያ የሚያስፈልገን ርቀት ሳይሆን ብርሃን ነው። ትንሽ ሴንሰር በጨለማ ሲሠራ ፊት ላይ አሸዋ የተበተነ የሚመስል ምስል ይሰጣል። በዚያ ላይ ሌንሱ በረዘመ ቁጥር የብርሃን ቀዳዳው ይጠባል። የፒ900 ቀዳዳ በአጭሩ ጫፍ 2.8፣ በረጅሙ 6.5 ነው። ቁጥሩ ሲያድግ ብርሃኑ ስለሚቀንስ፣ በረጅሙ ጫፍ ሴንሰሩ ላይ የሚደርሰው ብርሃን በአጭሩ ከሚደርሰው አንድ አምስተኛ ገደማ ነው። ኤፍዜድ1000 በረጅሙ ጫፉ 4 ላይ ይቆማል፤ የሚቀንሰው በግማሽ ብቻ ነው።

መንቀጥቀጡም አለ። የቆየው የፎቶ አንሺዎች ልማድ እንደሚለው፣ በ400 ሚሊሜትር በእጅ ስናነሳ ፍጥነቱ ከሰከንድ አንድ አራት መቶኛ፣ በ2000 ሚሊሜትር ደግሞ ከሰከንድ አንድ ሁለት ሺህኛ ባያንስ ይመረጣል። የዛሬ ካሜራዎች የእጅን መንቀጥቀጥ የሚቋቋሙበት ዘዴ ስላላቸው ከዚህ ዝቅ ማለት ይቻላል። ግን ዘዴው የእኛን እጅ እንጂ የሚሮጠውን ልጅ ወይም የሚበረውን ወፍ አያቆምም።

አገራችን ደግሞ ቆላ ነው። ፀሐይ ከበረታች በኋላ ከሮቢት ሜዳ የሚነሳው የሞቀ አየር ሲርገበገብ በዓይንም ይታያል። ረጅም ዙም ያንን መርገብገብ አብሮ ያጎላዋል። እኩለ ቀን ላይ ከሩቅ ያነሳናቸው ፎቶዎች በሙሉ በውኃ ውስጥ የታዩ ይመስላሉ። ስንት ብር ቢወጣበት ይህን የሚያጠራ ሌንስ የለም። መድኃኒቱ ጧት በማለዳ መውጣት ወይም መጠጋት ነው።

ከሩቅ የተነሳ ምስል ርቀትንም ያጣብቃል። ከከፍታው ላይ ያነሳነው የገበያ ፎቶ በስተምሥራቅ ያለው የዞብል ተራራ ሻጮቹ ራስ ላይ የተደፋ ያስመስለዋል፤ ተለቅ ባለ ቦታ የቆመው ሰውም እርስ በርሱ የተረጋገጠ ይመስላል። አንባቢ ግን ገበያው እንዲያ ነው ብሎ ያምናል። መጽሔት ላይ የሚወጣ ፎቶ ምስክርነት ስለሆነ ይህን ማሰብ ይገባናል።

«ጨረቃንስ?» ትላላችሁ። በእርግጥ በ2000 ሚሊሜትር ሙሉ ጨረቃ የምስሉን ቁመት ሦስት አራተኛ ትሞላለች፤ በ400 ግን ከአንድ ስድስተኛ አታልፍም። ነገር ግን የረመዳንን ሂላል የሚፈልግ ሰው በጨረቃ ላይ ያሉትን ጉድጓዶች መቁጠር አይፈልግም። ቀጭኗን ቅርጽ ለማሳየት ባለ 20 ሜጋፒክሰሉ ኤፍዜድ1000 በቂ ነው። የወሩ መግባት ውሳኔም የእኛ ካሜራ ሳይሆን የሚመለከታቸው ዑለማዎች ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ እንጨምር፤ ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ሳትጠልቅ ረጅም ሌንስ ወደ እሷ አይዙር። ሴንሰሩን ያቃጥላል።

«የግብርና ተማሪዎችስ? አንበጣው፣ ግሪሳውስ?» ይህ ጠንካራ ጥያቄ ነው። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ ራያ ቆቦ ላይ ሲወርድ ብዙዎቻችን በስልካችን ያነሳነው ደመና የሚመስል ነጠብጣብ ብቻ ነበር። የሚጠቅመው ግን ቀለሙ ነበር። ሮዝ የሚመስለው ገና ያልጎለመሰ ሲሆን፣ ቢጫው ደግሞ ጎልምሶ እንቁላል ለመጣል የደረሰ ነው፤ ይህን መለየት ለመከላከሉ ሥራ ትልቅ መረጃ ነው። ይሁንና አንበጣ ማሽላው ላይ ሲያርፍ እጅ ውስጥ የሚገባ ፍጡር ነው፤ 83 እጥፍ አይፈልግም። ግሪሳን ከማማው ላይ ወንጭፍ ይዞ የሚጠብቀው ልጅ ከእኛ የተሻለ ያውቀዋል። ማማው ላይ አብረነው ብንወጣ 400 ሚሊሜትር ይበቃናል፤ ልጁም የሚያውቀውን ይነግረናል።

ረጅሙ ዙም በእውነት የሚያስፈልገው ሰው የለም አንልም። የሐይቅን የውኃ ወፎች ወይም በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ያለውን ቀይ ቀበሮ ለማጥናት የሚሄድ የሥነ ሕይወት ተማሪ እንስሳውን ሳይረብሽ ከሩቅ ማየት አለበት። ለእሱ ፒ900 ጥሩ መሣሪያ ነው። የእኛ መጽሔት ሥራ ግን ሰው ነው። ሰው ደግሞ ሰላምታ ሲሰጡት አይበርም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው። ያገለገለ ካሜራ ሲገዛ ከሚያውቅ ሰው ጋር ይኬድ። ሌንሱ እስከ መጨረሻው ይውጣና ይግባ፤ የመፋጨት ድምፅ ከተሰማ አቧራ ገብቶበታልና ይለፍ። ነጭ ግድግዳ ይነሳና ጥቁር ነጥብ መኖር አለመኖሩ ይታይ፤ ሌንሱ ስለማይፈታ ውስጡ የገባ ቆሻሻ በቀላሉ አይጠረግም። ሁለተኛ ባትሪ አብሮ ይገዛ፤ በሮቢት መብራት ሲጠፋ መቼ እንደሚመጣ የምናውቅ እኛ ነን። ዲጂታል ዙም የሚባለው ይዘጋ፤ ምስሉን ቆርጦ ከመለጠጥ ሌላ ሥራ የለውም።

ከሁሉ በላይ ካሜራው ከተቀመጠበት ሲወጣ የሚፈርመው አባል ለሦስት ነገር ይፈርም። ፊቱ ተለይቶ የሚታወቅ ሰው ሳይጠየቅ አይታተምም። ሴቶችና ሕፃናት ባሉበት ከሩቅ አይነሳም። «ይጥፋልኝ» ያለ ሰው ፎቶ በዕለቱ ይጠፋል። ሥራው ይከብዳል፣ ጥሩ ጥሩ ፎቶም ያመልጠናል፤ ያምልጠን።

ሹራው በሚቀጥለው ስብሰባ ይህን እንዲያይልን እንጠይቃለን። የተለየ ሐሳብ ያላችሁም ጻፉ፤ በሚቀጥለው እትም ይወጣል። እስከዚያው ያቺ እናት ፎቶዋ ታትሞ እንዲደርሳት ቃል አስገብታናለች። ኢንሻአላህ በገበያ ቀን ራሳችን ወስደን እንሰጣታለን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።