ወደ ካሜሩን ከመሄዳችሁ በፊት

ከመካከላችን በሥራ ወይም በአገልግሎት ምክንያት ወደ ካሜሩን የሚሄዱ ባለትዳሮች አሉ። ብዙ ጊዜ የጉዞው ጉዳይ በአንዱ እጅ ላይ ይወድቃል። አንዱ ቪዛውን፣ ክትባቱንና መድኃኒቱን ይከታተላል፤ ሌላው «አንተ ታውቃለህ» ብሎ ሻንጣ ብቻ ያዘጋጃል። በዛሬው አምዳችን ይህ ልማድ አደጋ እንዳለው ልናሳስባችሁ እንወዳለን።

አንድ የማውቀው ወንድም በዱዋላ ይሠራ ነበር። ለእረፍት አዲስ አበባ በመጣ በሁለተኛው ሳምንት ትኩሳትና ራስ ምታት ያዘው። ጉንፋን ነው ተባለ፤ የመንገድ ድካም ነው ተባለ። በሦስተኛው ቀን ወደ ክሊኒክ ሲወሰድ መናገር እንኳ አቅቶት ነበር። «ከካሜሩን ከመጣ ገና ሁለት ሳምንቱ ነው፤ እባክዎ የወባ ምርመራ ይደረግለት» ብላ ለሐኪሙ የነገረችው ባለቤቱ ናት። ደሙ ሲመረመር ወባ ተገኘበት፤ ታክሞም ዳነ። ከጉዞው በፊት አብራው ስለ ወባ ባታነብ ኖሮ ምን ይሆን ነበር?

አንደኛ፣ ስለ ወባ። የደጋ ሰዎች ወባን የቆላ በሽታ አድርገን እናስባለን። በካሜሩን ግን በዋና ከተማዋ በያውንዴም ሆነ በወደብ ከተማዋ በዱዋላ ዓመቱን ሙሉ ይገኛል። በብዛት ያለውም ፋልሲፓረም የተባለው፣ ካልታከመ ፈጥኖ የሚገድለው ዓይነት ነው። ስለዚህ አስቀድማችሁ ሐኪም አማክራችሁ መከላከያ መድኃኒት ውሰዱ፤ ኬሚካል በተነከረ አጎበር ውስጥ ተኙ። መድኃኒቱ እንደ ዓይነቱ ከተመለሳችሁ በኋላም ለ7 ቀን ወይም ለ4 ሳምንት ይቀጥላል፤ «አገሬ ገባሁ» ብላችሁ አታቋርጡት። ነፍሰ ጡር እህት ጉዞውን ማዘግየት ብትችል ይመረጣል። ካሜሩን እ.ኤ.አ. በጥር 2024 የወባ ክትባትን በመደበኛ የሕፃናት ክትባት ውስጥ አስገብታለች፤ ነገር ግን ክትባቱ አጎበርን አይተካም። ከደረሳችሁ ከአንድ ሳምንት ጀምሮ፣ ከተመለሳችሁም በኋላ ለወራት፣ ትኩሳት ቢይዛችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ደማችሁን አስመርምሩ፤ ከየት እንደመጣችሁም ለሐኪሙ ንገሩ።

ሁለተኛ፣ ስለ ቢጫ ወባ። ስሙ ተመሳስሎ ብዙዎችን ያሳስታል እንጂ ይህ ሌላ በሽታ ነው፤ ክትባቱም ከተራው ወባ አያድንም። ወደ ካሜሩን ለመግባት የቢጫ ወባ ክትባት የምስክር ወረቀት ይጠየቃል። ወረቀቱ የሚጸናው ክትባቱ ከተሰጠ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለጉዞ ዋዜማ አታቆዩት። እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ አንድ ጊዜ የተከተበ ሰው ወረቀት ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ከ9 ወር በታች ያለ ሕፃን ካላችሁ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ሐኪም አነጋግሩ።

ሦስተኛ፣ ስለ ሰነድ። የጋብቻና የልጆች ልደት ምስክር ወረቀቶቻችሁን ወደ ፈረንሳይኛ አስተርጉማችሁ አረጋግጡ። ቀኖቹንም እዩ። በእኛ አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በፓስፖርቱ ላይ 2017 ወይም 2018 ይባላል፤ ዓ.ም. እና እ.ኤ.አ. ካልተለየ የሌላ ልጅ ወረቀት ይመስላል። የሰዓት አቆጣጠሩም እንዲሁ ነው፤ እነርሱ «9 ሰዓት» ብለው ከቀጠሯችሁ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 3 ሰዓት ማለት ነው።

አራተኛ፣ ስለ ገንዘብ። እዚያ እንመነዝራለን ብላችሁ ብር ይዛችሁ አትሂዱ፤ የሚቀለው ዩሮ ነው። የአገሩ ገንዘብ ሴፋ ፍራንክ ሲሆን ምንዛሪው ለ1 ዩሮ 655.957 ሆኖ የተወሰነ ነው። ይኸው ገንዘብ በጋቦን፣ በቻድ፣ በመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ፣ በኮንጎ ብራዛቪልና በኢኳቶሪያል ጊኒ ይሠራል። የእነ ሴኔጋል ሴፋ ግን ስሙና ዋጋው አንድ ቢሆንም በካሜሩን ገበያ አይገዛምና ሲሰጧችሁ አስተውሉ።

አምስተኛ፣ ስለ ቋንቋና ስለ መኖሪያ። ከ10ሩ ክልሎች 8ቱ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ናቸው። እንግሊዝኛ የሚነገርባቸው የሰሜን ምዕራብና የደቡብ ምዕራብ ክልሎች እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በትጥቅ ግጭት ተጎድተዋል፤ በሩቅ ሰሜን ክልልም የቦኮ ሐራም ጥቃት ደርሷል። የተመደባችሁበትን ከተማ ስም በትክክል ሳታውቁ እሺ አትበሉ። ትምህርት ቤቶችም የፈረንሳይኛና የእንግሊዝኛ ሥርዓት አላቸውና የልጆቻችሁን ቀድማችሁ ወስኑ። ፈረንሳይኛን ደግሞ ሁለታችሁም ጀምሩ። ሥራ ያለው ሰው ከባልደረቦቹ ጋር ይውላል፤ ቤት የሚቀረው ግን ዳቦ ለመግዛት፣ ልጅ ሲታመም ለሐኪም ለማስረዳት ቋንቋ ያስፈልገዋል። በብቸኝነት የሚጎዳውም አብዛኛውን ጊዜ እርሱ ነው።

እንግዲህ ባለትዳሮች ሆይ፣ ከመጓዛችሁ በፊት አንድ ምሽት ልጆቹ ከተኙ በኋላ ተቀመጡ። የመድኃኒቱ ስም ማን ነው? ልጁ ስንት ይሰጠዋል? የክትባቱ ካርድ የት ተቀመጠ? ሌሊት ትኩሳት ቢነሣ የትኛው ሐኪም ቤት እንሄዳለን? ለማን እንደውላለን? እያንዳንዳችሁ ሌላውን ሳትጠይቁ መልሱ። አንዳችሁ ካልመለሳችሁ ዝግጅታችሁ ገና አላለቀም። ታማሚው ያ ሁሉን የሚያውቀው ሰው ራሱ ሊሆን ይችላልና።

መልካም ጉዞ ይሁንላችሁ።