የዓባይን ልጅ ጨለማ ዋጠው!

«የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ይሉ ነበር አባቶች። ዘንድሮ ተረቱ ተሻሽሏል፤ የዓባይን ልጅ ጨለማ ዋጠው!

ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. 5,150 ሜጋ ዋት ያመነጫል የተባለለት የህዳሴ ግድብ ተመረቀ። እሰየው! ገበሬው ከመቀነቱ ፈትቶ፣ ደመወዝተኛው ከጉሮሮው ነጥቆ ቦንድ የገዛበት ነውና ደስታው ይገባዋል። ግን ለመሆኑ ያ ገበሬ ማታ ቤቱ ሲገባ ምን ያበራል? ኩራዝ! ልጁስ በምን ያጠናል? በኩራዝ! ሚስቱን ሌሊት ምጥ ቢይዛትስ? የእጅ ባትሪ ፈልጉ!

ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ኬንያ ድረስ የሚዘልቀውን ባለ 500 ኪሎ ቮልት መስመር ተመልከቱ። ኬንያ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በዚያ መስመር ኃይል ትገዛናለች። መሸጡን አንቃወምም፤ ዶላሩ ያስፈልጋል። ከሽቦው ሥር ለሚኖረው ወገን ግን ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ» ነው። ያን የመሰለ ጉልበተኛ ኃይል ጣቢያ፣ ትራንስፎርመርና ምሰሶ ካልተተከለለት አንዲት አምፖል አያበራም። ተበታትኖ ለሚኖር ቀበሌ ይህ ሁሉ መቼ ይደርሳል?

መንግሥትም ይህን አያጣውም። በ2011 ዓ.ም. ባወጣው የኤሌክትሪክ ማዳረስ ፕሮግራም፣ እስከ 2025 እ.ኤ.አ. ለሁሉም መብራት ይደርሳል፤ 65 በመቶው ከዋናው መስመር፣ 35 በመቶው ከመስመር ውጭ በፀሐይና በመሳሰለው ያገኛል ብሎን ነበር። ዓመቱ መጣ፣ ሄደም። ኩራዙ ግን ንቅንቅ አላለም!

እንግዲህ ጥያቄያችን ለእናንተ ለክልል ሹማምንት ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 52 የክልላችሁን የልማት ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም ሥልጣን ሰጥቷችኋል። ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ? ለስብሰባ፣ ለአበልና ለመኪና የማይጠፋው በጀት ለአንድ ቀበሌ የፀሐይ ማመንጫ ሲባል የት ይገባል?

«አይሆንም» እንዳትሉን ደግሞ። ሰሜን ሸዋ ሬማ ላይ አንድ የውጭ በጎ አድራጎት ድርጅት ጎጆ ለጎጆ የፀሐይ መብራት አስገብቶ፣ ጥገናውንም ለወጣቶች አስተምሮ አሳይቷል። ፈረንጅ መጥቶ የሠራውን የክልል መስተዳድር እንዴት ያቅተዋል?

ሕዝቡ ምጽዋት አልጠየቀም። ዕድር የሚያስተዳድር፣ ዕቁብ የሚጥል ሕዝብ የራሱን ማመንጫ በማኅበር መምራት አያቅተውም። የሚፈልገው ሦስት ነገር ብቻ ነው። አንደኛ፣ ባንክ ፊት ሲቀርብ የክልሉን ዋስትና። ሁለተኛ፣ ባትሪው ሲሞት ፈጥኖ የሚደርስ ባለሙያና መለዋወጫ። ሦስተኛ፣ ነገ ዋናው መስመር ሲመጣ ያወጣው ገንዘብ ሜዳ ላይ እንዳይቀር የሚጠብቅ ውል።

በዛ እንዴ? ይህ ካቃታችሁ ወንበሩን ለሚችል ልቀቁ። ሪባን መቁረጡማ መቀስ ለያዘ ሁሉ ቀላል ነው!