በቴሌቪዥን መስኮት ስለሚደረገው እግር ኳስ

ልጅ ያለ ጨዋታ አያድግም። በመንዝ፥ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ ያደጋችሁ ክቡራን አንባቢዎቻችን፥ በልደት ሰሞን ቆልማማ ዱላ ይዛችሁ ሩር ያሳደዳችሁበትን ሜዳ አትዘነጉትም። በዚያ ጨዋታ ጌታና አሽከር በአንድነት ይጋጠማሉ፤ ዱላውም ከዱር ይቆረጣል እንጂ በገንዘብ አይገዛም። የዛሬዎቹ ልጆቻችሁ ግን በከተማ ተቀምጠው፥ አንዳንዱ በቤቱ፥ አንዳንዱም በየሰፈሩ በተከፈተው ፕሌይስቴሽን ቤት፥ እግር ኳስን በጣታቸው ይጫወታሉ። ስለዚህ ይህ ነገር ምን እንደ ሆነ ወላጅ ሊያውቀው ይገባል።

ይህን የቪዲዮ ጨዋታ ኤሌክትሮኒክ አርትስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1986 ዓ.ም. ፊፋ በሚል ስም አወጣው። ሠላሳ ዓመት ያህል በዚሁ ስም ከቆየ በኋላ፥ ኩባንያው ከዓለሙ የእግር ኳስ ማኅበር ጋራ ስለ ተለያየ፥ በ2016 ዓ.ም. ስሙ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ተባለ። መስከረም 16 ቀን 2018 ዓ.ም. በደመራው ዕለት የወጣው ኤፍሲ 26 ይባላል።

በዚህ ከተደረገው ማሻሻያ ዋናው፥ አጨዋወቱ በሁለት መከፈሉ ነው። አንደኛው ፈጣን ሆኖ ሰው ከሰው ጋራ በኢንተርኔት ለሚገጥምበት ተዘጋጅቷል፤ ሁለተኛው ዝግ ያለና እውነተኛውን ሜዳ የሚመስል ሆኖ ብቻውን ለሚጫወት ተሰናድቷል። በረኛውም አቋቋሙን እንዲያሳምር፥ የመለሰውም ኳስ ደጋግሞ ከባላጋራው እግር እንዳይወድቅ ተደርጓል። ኩባንያው ይህን ያደረገው የተጫዋቾችን አቤቱታ ሰምቶ መሆኑን ገልጿል። አቤቱታ ሰምቶ ሥራውን ማቃናት ሹመት ለተሰጠው ሁሉ የሚበጅ ልማድ ነው።

ከዚህ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ2017 ዓ.ም. ሩሽ የተባለ አጨዋወት ገብቶ ነበር። በዚህም በየወገኑ አራት ልጆች እያንዳንዳቸው አንድ ተጫዋች ብቻ ይይዛሉ፤ በረኛውን ኮምፒዩተሩ ያንቀሳቅሰዋል። ከባድ ጥፋት ያጠፋ ሰማያዊ ካርድ ታይቶበት ለአንድ ደቂቃ ይወጣል። አሥራ አንዱን ሰው ብቻውን ማዘዝ የለመደ ልጅ በዚህ ተራውን መጠበቅንና ለጓደኛው ማቀበልን ይማራል።

ነገር ግን የተጨመረ ሁሉ ማሻሻያ አይደለም። አልቲሜት ቲም በተባለው ክፍል ተጫዋቾች እንደ ዕጣ ታሽገው በገንዘብ ይሸጣሉ። የዕድሉ መጠን ከመቶ ስንት እንደ ሆነ ተጽፎ ቢታይም፥ ከፋዩ ማን እንደሚደርሰው ብዙ ጊዜ አስቀድሞ አያውቅም። የቤልጂግ የቁማር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ይህን የመሰለውን ሽያጭ በ2010 ዓ.ም. ቁማር ነው ስላለ፥ ኩባንያው በጥር 2011 ዓ.ም. በዚያ አገር የጨዋታውን ነጥብ በገንዘብ መሸጥ አቆመ። የሆላንድ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ግን በ2014 ዓ.ም. ቁማር አይደለም ብሎ በኩባንያው ላይ የተጣለውን ቅጣት ሽሮታል።

እንግዲህ ሕግ ዐዋቂዎች ባልተስማሙበት ነገር፥ በየቤቱ ዳኞች አባትና እናት ናቸው። ልጁን ከመቆጣት አስቀድሞ አጠገቡ ተቀምጦ አጨዋወቱን አሳየኝ ማለት፥ ከወንድሞቹና ከእኅቶቹ ጋራ እንዲጫወት ማድረግ፥ ሰዓቱን መወሰን፥ የባንክ ካርድንም በእጁ አለመተው ይገባል። በልደትም ቀን ወደ ሜዳ ይውጣ፤ ሩርን በዕጣ የሚሸጥለት የለምና።