ነነዌን ሳያውቁ ነነዌን መጾም

በቅርቡ ደብረ ሲና ላይ በተደረገ አንድ ጉባኤ፣ ሰባኪው ትንቢትን በሸክላ ላይ ከተጻፈው የአሦርና የባቢሎን ታሪክ ጋር እያስተያየ የሚያጠናውን ሁሉ ወረደበት። «የጣዖት አምላኪ ሸክላ ለክርስቲያን ምን ይረባዋል?» ሲል እልልታው ቀለጠ። እልልታው ሳይበርድ ደግሞ ባቢሎን ማለት ኒውዮርክ ናት ብሎ አረፈው። ሸክላውን የተጸየፈ ሰው ያን ሁሉ ፎቅ ከየት አምጥቶ ትንቢቱ ውስጥ እንደደረደረው የጠየቀው የለም።

ይኸው ሰው በየዓመቱ ሰኞ ገብቶ ረቡዕ የሚያበቃውን ጾመ ነነዌ ይጾማል። ነነዌ የት ናት ቢሉት ምን ይል ይሆን? ይህች የአሦር መናገሻ ከተማ የነበረችው ዛሬ ሞሱል ባለችበት ነው። እዚያው በ2006 ዓ.ም. ታጣቂዎች ባፈነዱት የነቢዩ ዩኑስ (የእኛው ዮናስ) መስጊድ ሥር ያለው የአስራዶን ቤተ መንግሥት ነው፤ መጽሐፈ ነገሥት በስሙ የሚጠራው የሰናክሬም ልጅ።

እስቲ ናሆም ምዕራፍ 3ን ይፍታልን። ነቢዩ ነነዌን ኖእ አሞን ከምትባል ከተማ ጋር እያነጻጸረ ይዘልፋታል፤ የዚያች ከተማ መመኪያም ኢትዮጵያና ግብጽ እንደነበሩ ይናገራል። ሰባኪው «ኢትዮጵያ» የምትለዋን ይዞ እንደሚሮጥ አይጠረጠርም። ኖእ አሞን የግብጿ ቴብስ ናት፤ ኢትዮጵያ የተባለውም ያኔ ግብጽን ይገዛ የነበረው የኩሽ መንግሥት፣ የንጉሥ ቲርሐቅ ወገን ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ663 የአሦር ጦር ቴብስን ዘረፋት። ንጉሡ አሹርባኒፓል ወርቁንና ብሩን፣ ሁለት ረጃጅም ሐውልቶችንም ጭምር እንደወሰደ በዚያ በተናቀው ሸክላ ላይ አስጽፎ ፎክሯል። ናሆም እንግዲህ ነነዌን የሚመታት በገዛ ፉከራዋ ነው! በ612 ባቢሎናውያን ከሜዶን ጋር ሆነው ደመሰሷት፤ ይህንንም የሚተርከው የባቢሎን ሸክላ ነው። ይህ ካልታወቀ የነቢዩ ምጸት የቱ ጋ እንዳለ እንኳ አይታይም።

ሊቃውንቱ እንዲህ ያለ ፍርሃት አልነበረባቸውም። ዜና አይሁድንና የወልደ አሚድን የዓለም ታሪክ በግእዝ አስተርጉመው አንብበዋል፤ አንድምታውም ምስጢሩን ሲያትት ታሪኩን ይተርካል። የዘመኑ ሰባኪ ግን ታሪኩን ዘሎ ዜና ላይ ያርፋል፤ ዜናው በተለወጠ ቁጥር ባቢሎንም አድራሻ ትቀይራለች።

ናሆም ሦስት ምዕራፍ ብቻ ነው። ከሰባኪው የመግቢያ ሰላምታ ያጥራል።