ስም ቆሻሻ አይደለም

አሜሪካ ውስጥ ያገለገለ ዕቃ በሚሸጥባቸው መደብሮችና ቅዳሜና እሑድ በየጋራዡ ደጃፍ በሚዘረጉ ሽያጮች ላይ የ1980ዎቹና የ1990ዎቹ የቪዲዮ ጌም ካሴቶችና ኬዞች በካርቶን ተጠራቅመው ይገኛሉ። ብዙዎቹ ላይ በማይለቅ ማርከር የተጻፈ ነገር አለ። የልጅ ስም፣ የቤተሰብ ስም፣ የስልክ ቁጥር፣ የአከራይ ቪዲዮ ቤት መለያ ቁጥር። ለመሸጥ የሚገዛ ሰው ቤቱ ሲደርስ መጀመሪያ የሚያወጣው አልኮልና ጥጥ ነው። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ስሙ ወደ ጥጡ ይዞራል፤ ካሴቱም «ንጹሕ» ተብሎ ለገበያ ይቀርባል።

ይህ ሥራ ጽዳት የሚል ስም ወጥቶለታል። አቧራ መጥረግ ጽዳት ነው። የደረቀ ማስቲካ መፋቅም ጽዳት ነው። የልጅን ስም መደምሰስ ግን ዕቃው የማን እንደነበር የሚናገረውን፣ ብዙ ጊዜም ብቸኛ የሆነውን ማስረጃ ማጥፋት ነው። ያ ማስረጃ የሚጠፋው ደግሞ ዕቃውን ለማዳን ተብሎ ሳይሆን ጥቂት ዶላር ለመጨመር ነው።

ማርከሩ እንዴት ይለቃል?

በቅድሚያ የነገሩን አሠራር ማወቅ ይጠቅማል። የማይለቅ ማርከር ውስጥ ሦስት ነገር አለ፦ ማቅለሚያው፣ ማቅለሚያውን ከፕላስቲኩ ጋር የሚያያይዘው ሙጫ መሰል ነገር፣ ሁለቱን የሚያሟሟው አልኮል መሰል ፈሳሽ። ሲጻፍ ፈሳሹ ይተንና ቀለሙና ሙጫው ይቀራሉ። ውሃ አይነካቸውም። መጀመሪያ ያሟሟቸው ዓይነት ፈሳሽ ሲመለስባቸው ግን እንደገና ይለሰልሳሉ። አይሶፕሮፒል አልኮል የሚሠራው በዚህ ምክንያት ነው። በደረቀው ጽሑፍ ላይ የዋይትቦርድ ማርከር ደርበው ወዲያው የሚጠርጉትም ተአምር አልሠሩም፤ የዋይትቦርዱ ማርከር ፈሳሽ የድሮውን ቀለም አሟሙቶ ይዞት ይነሣል።

ችግሩ የጌም ዕቃ ሁሉ ከአንድ ነገር አለመሠራቱ ነው። የፕሌይስቴሽን 2 ዲስክ የሚቀመጥበት ኬዝ ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ አልኮል አይጎዳውም። የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ጥርት ያለ ኬዝ ግን እንደ ሙዚቃ ሲዲ ኬዝ ከፖሊስታይሪን የተሠራ ነው፤ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው አሴቶን ሲነካው ይደበዝዛል፣ ይቀልጣል። የኔንቴንዶ ካሴቶች አካል ኤቢኤስ የሚባለው ፕላስቲክ ነው፤ እሱንም አሴቶን ይበላዋል። «አስማተኛ» እየተባለ የሚሸጠው የሜላሚን ስፖንጅ እጅግ የላመ የብርጭቆ ወረቀት እንደማለት ነው፤ ቀለሙን የሚያነሣው ፕላስቲኩን ፍቆ ስለሆነ የተፋቀው ቦታ ወዙን አጥቶ ይቀራል። የካሴቱ የወረቀት ሥዕል ላይ የፈሰሰ አልኮል ከልጁ ስም ጋር የሥዕሉንም ቀለም ይወስዳል። ካርቶን ላይ የተጻፈማ ተስፋ የለውም፤ ቀለሙ ወረቀቱ ውስጥ ሰርጓል።

ተሳካ በተባለበት እንኳ ብዙ ጊዜ ጥላ ይቀራል። ፕላስቲክ ላይ 30 ዓመት የቆየ ቀለም በከፊል ወደ ውስጥ ይገባል። ካሴቱን ብርሃን ላይ አዘንብሎ ያየ ሰው የፊደሉን ቅርጽ ያገኘዋል። ስለዚህ በብዙ አጋጣሚ የሚገኘው ውጤት አዲስ የሚመስል ዕቃ ሳይሆን፣ ታሪኩም ጠፍቶ መልኩም የተበላሸ ዕቃ ነው።

ልፋቱን ያመጣው ገበያ

ታዲያ ይህን ሁሉ ምን አመጣው? ዋጋ ነው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2021 ያልተከፈተ የ«ዘ ለጀንድ ኦፍ ዜልዳ» ቅጂ በ870,000 ዶላር በጨረታ ተሸጠ። ከሁለት ቀን በኋላ ያልተከፈተ «ሱፐር ማሪዮ 64» ከ1.5 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ። በማግሥቱ ወር፣ በኦገስት፣ ያልተከፈተ «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» በ2 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ሦስቱን አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ቢኖር አንድም ልጅ ያልተጫወተባቸው መሆናቸው ነው።

ገበያው ከዚህ የተማረው ትምህርት ግልጽ ነው። ከሁሉ የከበረው ጌም ማንም ያልነካው ጌም ሆነ። ሌላው ሁሉ ያልተነካ ለመምሰል በቻለው መጠን ይመዘናል። በዚህ መሰላል ላይ የልጅ ስም ያለበት ካሴት ታች ይወርዳል፤ ስሙ ሲጠፋ አንድ ደረጃ ይወጣል። ለመጫወት የተሠራ ዕቃ የተጫወቱበት ምልክት ሲገኝበት እንደ ጥፋተኛ የሚቆጠርበት ገበያ፣ መነሻውን የረሳ ገበያ ነው።

ገበያው ግን ቀለሙን የሚጠላው ሁልጊዜ አይደለም። ያው ማርከር፣ ያው ጥቁር ቀለም፣ ያው ፕላስቲክ ላይ የማሪዮን ፈጣሪ የሺገሩ ሚያሞቶን ፊርማ ቢይዝ አልኮል ይዞ የሚጠጋው የለም። መስታወት ይሠራለታል፣ ትክክለኛነቱ በባለሙያ ይመረመራል፣ ዋጋውም ይጨምራል። እንግዲህ ቆሻሻ የተባለው ቀለሙ አልነበረም። ቆሻሻ የተባለው ስሙ የማይታወቅ ሰው ስም ነው። ጌሙን የሠራው ሰው ፊርማ ቅርስ፣ ጌሙን ሕይወት የሰጠው ልጅ ፊርማ እድፍ! ይህን ሚዛን በድፍረት ቆሞ የሚከራከርለት ሰው ጥቂት ነው፤ በጥጥ የሚያስፈጽመው ግን ብዙ ነው።

ልጆቹ ለምን ጻፉ?

ልጅ ካሴቱ ላይ ስሙን የሚጽፈው ዕቃ ለማበላሸት ብሎ አይደለም። ካሴት ውድ ነበር። ብዙ ልጅ የሚያገኘው ለልደት ወይም ለገና ነው። ሌላውን የሚጫወተው ተውሶ፣ ተለዋውጦ፣ ጎረቤት ሄዶ ነው። ስሙ «ይህ ይመለስልኝ» የሚል ውል ነበር። ማርከሩ ያለበት ካሴት ከቤት ወጥቶ የዞረ፣ ሰው ያመነው ካሴት ነው።

የቪዲዮ ቤቶቹ ቁጥርም የራሱ ታሪክ አለው። ኔንቴንዶ የጌም ኪራይን አጥብቆ ይቃወም ነበር፤ በ1989 ብሎክባስተርን የከሰሰውም የጌም መመሪያ መጽሐፎችን ፎቶ ኮፒ እያደረገ ያከራያል ብሎ ነው። በ1990 የአሜሪካ ኮንግረስ የኮምፒውተር ሶፍትዌር ኪራይን የሚከለክል ሕግ ሲያወጣ የቤት ውስጥ ጌም ማጫወቻዎችን ጌም ከክልከላው ውጭ አደረገ። ካሴት ጀርባ ላይ በማርከር የተጻፈ የቪዲዮ ቤት ቁጥር የዚያ ሙግት ርዝራዥ ነው። መግዛት ያልቻለ ቤተሰብ ልጅ እንዴት እንደተጫወተ የሚመሰክረው እሱ ነው።

ሌላም አለ። በ1987 አሜሪካ የገባው የ«ዜልዳ» ካሴት ውስጥ ትንሽ ባትሪ ነበር፤ ተጫዋቹ መጀመሪያ ስሙን እንዲያስገባ ይጠየቃል፣ የደረሰበትም ቦታ በዚያ ስም ይቀመጣል። ባትሪው ሲሞት የተቀመጠው ሁሉ ይጠፋል። እንግዲህ የልጁ ስም ሁለት ቦታ ነበር፦ አንዱ ውስጥ፣ አንዱ ውጭ። የውስጡን ጊዜ ይወስደዋል። የውጭውን ግን ጊዜ ሊወስደው አልቻለም፤ ሰው ነው የሚወስደው።

የተፋቀ ስም አዲስ ነገር አይደለም

የአዲስ አበባን ጌም ቤቶች የሚያውቅ ሰው ማርከር ምን እንደነበረ አያጣውም። በፕሌይስቴሽን 2 ዘመን በየጌም ቤቱ ይዞር ከነበረው ዲስክ ብዙው የተቀዳ ነበር። ሽፋን የለው፣ ሥዕል የለው። መታወቂያው ዲስኩ ላይ በማርከር የተጻፈው «ዊኒንግ» የሚል ቃል ነው። ያንን የጠረገ ሰው ዲስኩን አያጸዳውም፤ ማንነቱን ይነሣዋል።

ከዚያ የቆየም ምሳሌ አለ። በብራና ዘመን መጽሐፍ ያስጻፈ ሰው ስሙ በየጸሎቱ መካከል ይገባል። መጽሐፉ እጅ ሲቀይር አዲሱ ባለቤት የቀድሞውን ስም ፍቆ የራሱን ያስገባባቸው ብራናዎች ብዙ ናቸው። ተመራማሪዎች ዛሬ ያንን የተፋቀ ስም በአልትራቫዮሌት ብርሃን ለማንበብ ይደክማሉ፤ ስሙ ከተገኘ መጽሐፉ የት እንደነበረና በማን እጅ እንዳለፈ ፍንጭ ይሰጣልና። ያ ፋቂ ግን ቢያንስ በቦታው ስም ጽፏል። የዛሬው ሻጭ በቦታው የሚተወው ባዶ ፕላስቲክ ነው።

የሚነሡ ክርክሮች

«ገንዘቤ ነው፣ የፈለግሁትን ባደርግስ?» የሚል አለ። መብቱ ነው። ገዢውን ማታለል ግን መብቱ አይደለም። በአልኮል የታሸ፣ በስፖንጅ የተፋቀ ካሴትን ምንም እንዳልነካው አድርጎ ማቅረብ ሲቲ ስካን የሚያስፈልገው ምሥጢር ሳይሆን ተራ የገበያ ውሸት ነው። የተገጨ መኪና ቀለም ቀብቶ «ያልተገጨ» ብሎ ከሚሸጠው ደላላ የሚለየው በዋጋው ብቻ ነው።

«የልጁ ግላዊነትስ?» የሚለው ጥያቄ የተሻለ ነው። የስልክ ቁጥርና የቤት አድራሻ ይጥፋ፤ በዚህ የሚከራከር የለም። የመጀመሪያ ስም ብቻውን ግን ማንንም አያጋልጥም። የዋጋ ምልክት፣ ስድብ፣ ያለ ምክንያት የተሞነጫጨረ ነገርም ቢጠረግ የሚያዝን አይኖርም።

«እኛ ቅርስ እያዳንን ነው» የሚሉት ግን መልስ ይገባቸዋል። የቪዲዮ ጌም ሂስትሪ ፋውንዴሽን በ2023 ባወጣው ጥናት፣ አሜሪካ ውስጥ ከ2010 በፊት ከወጡ ጌሞች 87 በመቶው በወቅቱ በገበያ ላይ በመደበኛ መንገድ አይሸጡም ነበር። እነዚህ ጌሞች እስከዛሬ የደረሱት በአብዛኛው ያሸጉት ባለሀብቶች ስለጠበቋቸው አይደለም። ተራ ሰዎች በየቁም ሳጥኑና በየአልጋው ሥር ስላስቀመጧቸው ነው። ቅርሱን ያዳኑት ሰዎች ስም ተደምስሶ ቅርስ አዳንን ማለት ያስተዛዝባል።

ምን ይደረግ?

ከሰብሳቢዎችና ከሻጮች የሚጠበቀው ከባድ አይደለም። አልኮሉ ከመነሣቱ በፊት ጽሑፉ ፎቶ ይነሣ፤ ፎቶውም ከዕቃው ጋር ለገዢው ይተላለፍ። የታጠበ ካሴት «ታጥቧል» ተብሎ ይሸጥ። አሴቶንና ሜላሚን ስፖንጅ ከእነዚህ ዕቃዎች ይራቁ። ለካሴቶች የጥራት ደረጃ የሚሰጡ ድርጅቶችም የልጅ ስምን ከጭረትና ከስንጥቅ ጋር አንድ ላይ መቁጠር ትተው የባለቤትነት ታሪክ ብለው ይመዝግቡት።

ገዢውም ድርሻ አለው። ስም ያለበትን ካሴት ሲያይ ዋጋ ለማስቀነስ የሚሽቀዳደም ገዢ እስካለ ድረስ ሻጩ ጥጡን አያስቀምጥም። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚል ተረት ያለው ሕዝብ ይህን ለመረዳት ረጅም ማብራሪያ አያስፈልገውም። ያ ካሴት 30 ዓመት ስሙን ይዞ ቆይቷል፤ የሚቀጥለው ባለቤት ከነስሙ ቢያጫውተው አንድም ነጥብ አይቀነስበትም።